ተምች

ተምች (በሳይንስ ስሙ ስፖዶፕቴራ ኤክሴምፕታ) በትልነቱ ዘመን ሣርና የብርዕ እህል እየበላ የሚያድግ፣ ሲጎለምስ ደግሞ ክንፍ አውጥቶ በሌሊት የሚበር የእሳት እራት ነው። ኖክቱይዴ ከሚባለው ሰፊ የእሳት እራቶች ቤተሰብ ይመደባል። ከሌላ አገር ከመጣው «የአሜሪካ መጤ ተምች» ለመለየት በግብርና ጽሑፎች «የአፍሪካ ተምች» ይባላል። በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው በደቡብ ቆላዎች ነው፤ በቦረና፣ በነገሌ ዙሪያ፣ በኮንሶና በደቡብ ኦሞ። የበልግ ዝናብ ከገባ በኋላ በመጋቢትና በሚያዝያ እዚያ ይፈላና ትውልድ በትውልድ እየተተካ ወደ ሰሜን ይዘልቃል። ስለዚህ በነገሌና በሞያሌ መካከል በሚያዝያ የታየ ተምች ለወሎና ለትግራይ ገበሬ የሰኔ ወሬ ነው።

ስሙ

«ተምች» የሚለው ቃል በአማርኛ የቆየ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በትንቢተ ኢዩኤል ምዕራፍ 1 እህል አጥፊ ነፍሳት ሲዘረዘሩ ከአንበጣና ከኩብኩባ ቀድሞ የተጠራው ተምች ነው። በዕለት ንግግር ግን ቃሉ ልል ነው፤ ቅጠል ሲበላ የተገኘ ትል ሁሉ ተምች ይባላል፣ የበቆሎን አገዳ ከውስጥ የሚቦረቡረው አገዳ ቆርቁር እንኳ አንዳንዴ በዚሁ ስም ይጠራል። ይህ የስም መደባለቅ ጉዳት አለው፤ ሁለቱ በአኗኗርም በመከላከያም አይገናኙምና። ተምች አገዳ ውስጥ አይገባም፣ ከላይ ሆኖ ቅጠል ይግጣል።

ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ (እ.ኤ.አ. 1856) በብሪታንያ ሙዚየም ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ዎከር ነው። በቆዩ መጻሕፍት ላፊግማ ኤክሴምፕታ በሚል ስም ይገኛል። በሌሎች ቋንቋዎች «የጦር ሠራዊት ትል» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጥቶታል፤ ምግብ ሲያልቅበት እልፍ አእላፍ ሆኖ በአንድ አቅጣጫ ስለሚጓዝ ነው።

መልኩ

የእሳት እራቱ ለዓይን የሚስብ ነገር የለውም። ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት አፈር መሰል ቀለም አለው፣ ሰውነቱ ከ14 እስከ 18 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ናቸው። የፊት ክንፎቹ ላይ ደብዘዝ ያለ የኩላሊት ቅርጽ ያለው ምልክት ይታያል፤ የኋላ ክንፎቹ ነጣ ያሉና ደም ሥራቸው ጠቆር ያለ ነው። ሴቷ በሆዷ ጫፍ ላይ ጥቁር ቅርፊት መሰል ጸጉር አላት፣ የወንዱ ፈዛዛ ነው። በሌሊት በሱቅ አምፖል ዙሪያ ከሚሽከረከሩት በርካታ የእሳት እራቶች ለይቶ ለማወቅ የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል፤ ባለሙያዎችም ወጥመድ ውስጥ ከገቡት ዘመዶቹ የሚለዩት በሆዱ ጫፍ ያለውን ቅርፊት በማጉያ መነጽር እያዩ ነው።

ሰው የሚያውቀው ትሉን ነው። ሙሉ ዕድገት ላይ ሲደርስ 3 ሳንቲ ሜትር ግድም ይሆናል። እንደ አባ ጨጓሬ ጸጉራም አይደለም፤ ገላው ለስላሳ ነው፣ ሲነካም አያሳክክም። ጀርባው እንደ ከፋይ ጥቁር፣ በጎንና ጎኑ ቀጫጭን ፈዛዛ መስመሮች የተሰመሩበት፣ ሆዱ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። ራሱ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ሲሆን ግንባሩ ላይ ተገልብጦ የተጻፈ የላቲን «ዋይ» ፊደል የሚመስል መስመር አለ።

ይህ የጥቁሩ መልክ ነው፤ ሌላም አለ። ትሎቹ በቁጥር ጥቂት ሆነው ተራርቀው ሲያድጉ አረንጓዴ ወይም ገለባማ ቡናማ ይሆናሉ፣ በሣሩ ሥር ተሸሽገው ይውላሉ፣ ማንም አያያቸውም። ተጨናንቀው ሲፈለፈሉና እርስ በርስ ሲነካኩ ግን ቀለማቸው ይጠቁራል፣ ፀሐይ ላይ ወደ ቅጠሉ ጫፍ ይወጣሉ፣ ቶሎ ቶሎ ይበላሉ፣ ቶሎም ያድጋሉ። ጥቁርነቱ የፀሐይን ሙቀት እንዲይዙ ይረዳቸዋል። ከአንድ እናት እንቁላል የወጡ ወንድማማቾች እንደ አስተዳደጋቸው አንዱ አረንጓዴ ሌላው ጥቁር ሊሆን ይችላል። የእነዚህን ሁለት መልኮች ዝምድና በጥናት ያሳየው ደቡብ አፍሪካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ፎሬ ሲሆን ሥራው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፤ በበረሃ አንበጣና በዘመዶቹ ላይ ተመሳሳይ ነገር ከታወቀ 20 ዓመት ያህል ቆይቶ ማለት ነው። በኋላ የተደረጉ ምርምሮች ጥቁሮቹ ትሎች በሽታን ከአረንጓዴዎቹ የበለጠ እንደሚቋቋሙም አሳይተዋል። በተጨናነቀ ቦታ በሽታ ቶሎ ይዛመታልና፣ ገላቸው አስቀድሞ የተዘጋጀ ይመስላል።

አረንጓዴው ተምች ለገበሬው ምንም ላይመስል ይችላል። ሆኖም ወረርሽኝ በሌለባቸው ወራት ዘሩን የሚያቆየው እሱ ነው።

ከእንቁላል እስከ ክንፍ

ሴቷ እንቁላሏን በሌሊት በቅጠል ጀርባ ላይ በክምር ትጥላለች፤ በአንድ ክምር ከ10 እስከ 300 የሚደርስ እንቁላል ይኖራል። ከሆዷ ጫፍ በሚረግፍ ጥቁር ጸጉር ትሸፍነዋለች። በዕድሜዋ እስከ 1,000 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሲጣል ነጭ ሆኖ ሊፈለፈል ሲቃረብ ይጠቁራል። እንደ አየሩ ሙቀት ከ2 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል።

ትሉ ስድስት የዕድገት ደረጃዎች አሉት፣ በየደረጃው ቆዳውን ይገፋል። ከእንቁላል ወጥቶ አፈር እስኪገባ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች በጣም ትንሽ ነው፤ የቅጠሉን አንድ ገጽ ብቻ እየፋቀ ስስ መስኮት የሚመስል ምልክት ይተዋል። በትልነት ዘመኑ ከሚበላው አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻው ደረጃ ነው። «ትናንት ምንም አልነበረም፣ ዛሬ ማሳው ባዶ ሆነ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ትሉ ከሳምንት በላይ እዚያው ነበር፣ ዓይን ውስጥ የገባው ግን ሲጠቁርና ሲወፍር ነው።

ከዚያ በድንገት ይጠፋል። ጠግቦ ያደገው ትል ወደ እርጥብ አፈር 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ ይገባና ሙሽሬ ወይም ፑፓ ይሆናል። ሙሽሬው ቀይ ቡናማና የሚያብለጨልጭ ሆኖ ኋላ ይጠቁራል። መድኃኒት በተረጨ ማግስት የሆነ እንደሆነ መድኃኒቱ ሠራ ይባላል፣ ጸሎት በተደረገ ማግስት የሆነ እንደሆነም ጸሎቱ። ማሳውን በጣት ጫር ጫር አድርጎ ማየት ነገሩን ይለየዋል። ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ የእሳት እራቱ ከአፈር ይወጣል። የአበባ ማርና ውኃ እየቀመሰ 10 ቀን ያህል ይኖራል፤ እህል አይነካም። ከእንቁላል እስከ እንቁላል ያለው ዙር በሞቃት ቦታ አንድ ወር ያህል ይወስዳል።

ተምች እንደ አንዳንድ ነፍሳት አፈር ውስጥ ተኝቶ በጋውን አያሳልፍም። አገሩ ሲደርቅ ወይ ይሞታል ወይ ይሄዳል።

የት ይኖራል

ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በሰፊው ይገኛል። ከዚህ ውጭ በየመን፣ በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ በአውስትራሊያና በሃዋይ ደሴቶች ይኖራል፤ በከባድ ወረርሽኝነቱ የሚታወቀው ግን ከሁሉ ይልቅ በምሥራቅ አፍሪካ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ዓመታዊ ጉዞ በጥቅሉ እንዲህ ነው። በደረቅ ወራት ጥቂት ጥቂቱ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻን በመሰሉ ዝናብ በማይጠፋባቸው ቦታዎች ይቆያል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዝናብ ሲመጣ በታንዛኒያና በኬንያ የመጀመሪያዎቹ ወረርሽኞች ይነሣሉ። ከዚያ ትውልዱ ነፋስና ዝናብን እየተከተለ በመጋቢትና በሚያዝያ ደቡብ ኢትዮጵያ፣ በግንቦት መካከለኛውንና ምሥራቁን የአገሪቱን ክፍል፣ በሰኔና በሐምሌ ወሎን፣ ትግራይንና ኤርትራን ይይዛል፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን የሚደርስበት ዓመትም አለ። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ሁሉ ከኬንያ ነው ማለት ግን አይደለም፤ በደቡብ ኢትዮጵያ በራሱ በጥቂቱ የሚቆይ አረንጓዴ ተምች መጀመሪያ ለሚነሣው ወረርሽኝ መነሻ ይሆናል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ሁለቱ እርስ በርስ አይቃረኑም።

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአቅራቢያዋ ያለው የሊበን ሜዳ ሰፊ የሣር አገር ነው። ከዚያ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ያቤሎ፣ ሜጋና ሞያሌ እስከ ኬንያ ድንበር፣ ከእነሱም አልፎ ኮንሶ አሉ። ይህ አገር በዓመት ሁለት ዝናብ ያገኛል፤ ቦረናዎች ዋናውን፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበውን «ጋና»፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚዘንበውን አጭሩን ደግሞ «ሃጋያ» ይሉታል። ከሁለቱ መካከል ረጅሙ ደረቅ ጊዜ «ቦና» ነው። ተምች የሚመጣው ቦና አልቆ ጋና ሲጀምር፣ ሣሩ ገና ጫፉን ሲያወጣ ነው።

ዝናብና ነፋስ

ተምች ለምን ከዝናብ በኋላ እንደሚፈላ ለብዙ ዘመን እንቆቅልሽ ነበር። ትሉ ከዝናቡ ጋር ከሰማይ ወረደ የሚል እምነት በብዙ ቦታ ይሰማል፤ እንዲያውም ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ከሰማይ የሚወርደው ትሉ ሳይሆን እናቱ ናት።

ከአፈር የወጡት የእሳት እራቶች መጀመሪያ በአቅራቢያው ባለ ዛፍ ላይ ያርፋሉ፣ ከዚያ በሌሊት ከፍ ብለው ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኬንያ በራዳር የተደረጉ ጥናቶች የእሳት እራቶቹ ከመሬት በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ከፍ ብለው ነፋሱን ተከትለው ሲጓዙ አሳይተዋል። ምልክት ተደርጎባቸው የተለቀቁ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በወጥመድ ተይዘዋል። በተከታታይ ሌሊቶች ሲበሩ ጉዞው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚህ ጉዞ ሳሉ ይበተናሉ እንጂ አይሰበሰቡም፤ እንደ አንበጣ መንጋ ሠርተው አይበሩም።

የሚሰበስባቸው ዝናብ ነው። የነጎድጓድ ደመና ሲዘንብ ቀዝቃዛ አየር ከሥሩ ወጥቶ በዙሪያው ይገፋል፤ ይህ አየር ከሚመጣው ነፋስ ጋር በሚጋጭበት መስመር ላይ ተበትነው የነበሩት የእሳት እራቶች ይጠራቀማሉ፣ ዝናቡም ወደ መሬት ያወርዳቸዋል። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ቀበሌ ሜዳ ላይ፣ ብዙ ሺህ ይወርዳል። እዚያው ይጋባሉ፣ እንቁላል ይጥላሉ። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ በቦረና ቆላ ላይ ዝናብ በሚያፈስበት በመጋቢትና በሚያዝያ ሁኔታው ለዚህ የተመቸ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ከ1,000 በላይ ትል ሊቆጠር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ቀበሌ ሲወድም ጎረቤቱ ቀበሌ ምንም የማይነካውም እንዲሁ።

ከድርቅ በኋላ የሚመጣ ዝናብ ደግሞ የከፋ ነው። የዝናቡ ደመና ተቆራርጦ፣ እዚህና እዚያ ሲወርድ የእሳት እራቶቹን ይበልጥ ያጠራቅማል። ከድርቅ በኋላ የሚበቅል ሣር ለትሉ የሚመች ምግብ ነው፣ ትሉን የሚበሉት ነፍሳትና የሚገድለው በሽታም በድርቁ ሳስተዋል። ቀኑን ሙሉ የሚዘንብበትና ደመና የሚበዛበት ወቅት በተቃራኒው ለተምች አይስማማውም፤ ትንንሾቹን ትሎች ዝናብ ያጥባቸዋል፣ በሽታም ይገባባቸዋል።

ምን ይበላል

ሣርና የሣር ወገን የሆነ እህል ይበላል፤ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ሩዝ፣ ለጋ ሸንኮራ አገዳ። ከሜዳ ሣር ሰርዶን አጥብቆ ይወዳል። ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች ይተዋል። በቦረናና በኮንሶ በቆሎና ቦሎቄ አሰባጥሮ የዘራ ገበሬ በቆሎው ተግጦ ቦሎቄው ቆሞ የሚያገኘው ለዚህ ነው፤ እርግጥ ይህ ከረሃብ አያድንም፣ ግን ከምንም ይሻላል።

ጉዳቱ በእህሉ ዕድሜ ይወሰናል። 10 ቀን የሆነውንና 6 ወይም 7 ቅጠል ያወጣውን በቆሎ ሁለት ትሎች ጨርሰው ሊበሉት እንደሚችሉ ተሰልቷል። ይሁንና በጣም ለጋ የሆነ በቆሎ ቡቃያው ገና ከአፈር በታች ስለሆነ፣ ዝናቡ ከቀጠለ መልሶ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ማሳው ተግጦ ሲታይ ወዲያው አርሶ ዳግመኛ መዝራት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፤ ጥቂት ቀን ጠብቆ ሥሩን ማየት ዘር ያተርፋል። ጋና አጭር በሆነበት አገር ዳግመኛ የሚዘራ እህል ሳይደርስ ዝናቡ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከብትና ተምች

ስለ ተምች የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ማሳ ነው። በነገሌና በቦረና ቆላ ግን የመጀመሪያው ተጎጂ ግጦሽ ነው፣ እሱ ብዙ ጊዜ በጉዳት ዘገባ አይቆጠርም፤ የወደመ በቆሎ በሄክታር ይለካል፣ የወደመ ሣር ማን ይለካል?

ነገሩን ክፉ የሚያደርገው ጊዜው ነው። በቦና መጨረሻ ላም ከስታለች፣ ወተት ደርቋል። ቦረናዎች መንጋቸውን ለሁለት ከፍለው የሚታለቡትንና ጥጆችን ከመንደር አጠገብ («ወራ»)፣ ደረቁንና ጠንካራውን ከብት ራቅ ወዳለ ግጦሽ («ፎራ») ይይዛሉ። ለጥጆችና ለደካማ ከብት ደግሞ «ካሎ» የሚባል በአጥር የተከለለ ሣር ያቆያሉ። የጋና የመጀመሪያ ሣር የሚጠበቀው ወተት እንዲመልስ ነው። ተምች ያንን ሣር በአንድ ሳምንት ሲግጠው ፎራው ሌላ ቦታ ሊሄድ ይችላል፤ ወራው ግን ከነጥጆቹ፣ ካሎውም ከነአጥሩ እዚያው ነው።

ሁለተኛው አደጋ መርዝ ነው። ተምች በበላው ግጦሽ ላይ ወዲያው የተሰማሩ ከብቶች የሞቱበት ሁኔታ በምሥራቅ አፍሪካ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ሁለት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። አንዱ እንደ ሰርዶ ያሉ ሣሮች ሲጎዱና መልሰው ሲያቆጠቁጡ የሚፈጥሩት ሲያናይድ ነው፤ ሌላው በትሉ ኩስ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ነው። ስለዚህ ተምች የወረረውን ሣር ትሉ ከጠፋ በኋላም ጥቂት ጊዜ፣ ዝናብ አጥቦት አዲስ ሣር እስኪጠነክር ድረስ፣ ከብት እንዳይነካው ይመከራል። ምክሩ በወረቀት ቀላል ነው፤ የራበውን ከብት ከአረንጓዴ ሜዳ መከልከል ግን እረኛ ያውቀዋል።

ጠላቶቹ

ተምች በፈላበት ሜዳ ላይ ወፎች ይሰበሰባሉ። ሽመላዎች፣ አባ ኮዳ፣ ጭልፊቶችና ሌሎችም ትሉን እየለቀሙ ይውላሉ፤ ከአውሮፓ መጥቶ የሚከርመው ነጭ ሽመላ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ ከሚመገባቸው አንዱ ተምች ነው። ሽመላ በአንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሲመላለስ ማየት ትሉ ለዓይን ከመጉላቱ በፊት ምልክት ሊሆን ይችላል። እንቁላላቸውን በትሉ ላይ ወይም ውስጥ የሚጥሉ ትንንሽ ተርቦችና ዝንቦችም አሉ።

ከሁሉ የከበደ ጠላቱ ቫይረስ ነው። በዚህ ቫይረስ የተያዘ ትል ወደ ቅጠሉ ጫፍ ወጥቶ ይንጠለጠላል፣ ገላው ይቀልጥና ፈሳሹ በታች ያለውን ቅጠል ይበክላል፤ ያንን የበላ ሌላ ትል ይታመማል። በወቅቱ መጨረሻ ላይ በአንዳንድ ቦታዎች አብዛኛው ትል በዚህ ይሞታል። ችግሩ ዘግይቶ መምጣቱ ነው፤ እህሉ ከተበላ በኋላ። ይህንን ቫይረስ ሰብስቦ አስቀድሞ በመርጨት ከኬሚካል ይልቅ ለመጠቀም በታንዛኒያ የተደረጉ ሙከራዎች ጥሩ ውጤት አሳይተዋል። ቫይረሱ ሰውና ከብት አይነካም።

መከላከልና ትንበያ

ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ከተገኘ መከላከል ይቻላል፤ ሲጠቁርና ሲወፍር መድኃኒቱም አይበግረው፣ ጉዳቱም አልፏል። እንደ ማላታዮንና ዳያዚኖን ያሉ ኬሚካሎች በጀርባ በሚታዘል መርጫ፣ ወረርሽኙ ሲሰፋም በአውሮፕላን ይረጫሉ። ኬሚካል በሌለበት ገበሬው ቦይ ይቆፍራል፤ የሚጓዘው ትል ቦዩ ውስጥ ሲወድቅ አፈር ይመልስበታል፣ ወይም በቅርንጫፍ ይቀጠቅጠዋል። ቦይ የሚጠቅመው ገና ያልተነካን ማሳ ከሚመጣው ሠራዊት ለመከለል ነው። ትሉ በእንቁላል ከተጣለበትና እዚያው ከተፈለፈለበት ማሳ ግን ቦይ አያስወጣውም።

ግጦሽ ላይ ኬሚካል መርጨት ሌላ ጣጣ አለው። ሜዳው ሰፊ ነው፤ በተረጨ ሣር ላይ ከብት ከተሰማራ መርዙ ወደ ወተቱና ወደ ሥጋው ይሄዳል። በሊበን ሜዳ ደግሞ የሊበን ላርክ የምትባለው፣ ከምድር ገጽ ልትጠፋ የተቃረበች ትንሽ ወፍ በዚያው ሣር ውስጥ ትኖራለች። ለዚህም ነው ግጦሽ ባብዛኛው ሳይረጭ የሚቀረው፤ አርብቶ አደሩም ያለው ምርጫ መሄድ ነው።

ትንበያ የተጀመረው ከኢትዮጵያ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኬንያ ሙጉጋ የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ የግብርናና የደን ምርምር ድርጅት በየጣቢያው የብርሃን ወጥመድ እያስቀመጠ የእሳት እራት ማስቆጠርና በየሳምንቱ ማስጠንቀቂያ ማውጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተውና ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣ፣ ከግሪሳ ወፍና ከቆላ ዝንብ ጋር ተምችንም በሥራው ውስጥ ይዟል። በኋላ የብርሃኑን ወጥመድ የፌሮሞን ወጥመድ ተካው። በዚህ ወጥመድ ውስጥ የሴቷን ጠረን የሚመስል ቅመም ይደረጋል፣ ወንዶቹ ብቻ ይሳባሉ፣ መብራትም አያስፈልግም፤ ኤሌክትሪክ ለማይደርስበት ቆላ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንዲህም ሆኖ ከዋና ከተማ የሚወጣ ማስጠንቀቂያ ገበሬው ዘንድ ሲደርስ ትሉ አፈር ገብቶ ይገኝ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2001 ገደማ ጀምሮ በታንዛኒያ ሥራውን ለመንደሩ የማስረከብ ሙከራ ተጀመረ፤ ኋላ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። አንድ መንደር አንድ ወጥመድና አንድ የዝናብ መለኪያ ይሰጠዋል፣ ከመንደሩ የተመረጠ ሰው በየጠዋቱ የገቡትን የእሳት እራቶችና የዘነበውን ውኃ ይመዘግባል። የእሳት እራቱ በዝቶ ዝናብ ከተከተለ፣ ከሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ትል እንደሚፈለፈል ለመንደሩ ይነገራል፣ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም ይተላለፋል። ሰው በዚያ ጊዜ በየጠዋቱ ሣሩን ገልጦ ያያል። ነገሩ ቀላል ነው፤ የሚሰናከለው የወጥመዱ ቅመም ሲያልቅ የሚተካ ሲጠፋ ወይም መድኃኒቱ በወረዳው መጋዘን ሳይገኝ ሲቀር ነው።

በታሪክ

በኢትዮጵያ ታሪክ ተምች ከሌሎች መቅሠፍቶች ጋር ተደርቦ ይነሣል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. 1888–1892) በደረሰው በክፉ ቀን የከብት በሽታው የአገሩን በሬና ላም ጨረሰ፣ ዝናብ ጠፋ፣ የተረፈውንም እህል አንበጣና ትል በሉት። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ ስላልቻለ ረሃቡ ዓመታት ቆየ።

እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የበረሃ አንበጣ ወረራ ቦረናንም ነክቷል፤ የዓለም ዜና ሆኖ አውሮፕላንና ገንዘብ መጣለት። ተምች እንደዚያ አይታይም። ሰማይ አይሸፍንም፣ ፎቶግራፍ አይስብም፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ለዓይን አይቆይም፣ ቀጥሎ የሚነሣበት ቦታም ሌላ ነው።

የአሜሪካው መጤ ተምች

ዘመዱ የሆነው ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፔርዳ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። በአፍሪካ መታየቱ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ በምዕራብ አፍሪካ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 በሸካ ዞን ተገኝቶ በዚያው ዓመት ወደ አብዛኞቹ በቆሎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛመተ። ከዚያ ወዲህ «ተምች» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ይህንን ነው፣ በዚህም ምክንያት የነባሩ ተምች መምጣት ሳይለይ ያልፋል።

የሚለዩበት መንገድ አለ። መጤው በጅራቱ አቅራቢያ ባለው ጀርባው ላይ በአራት ማዕዘን የተደረደሩ አራት ጎላ ያሉ ጥቁር ነጥቦች አሉት፣ በግንባሩ ያለው የተገለበጠ «ዋይ» ነጣ ብሎ በግልጽ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው በበቆሎው እምብርት ውስጥ ተሸሽጎ ነው፣ መጋዝ የፋቀው እንጨት የሚመስል ኩስ በቅጠሉ ሥር ይተዋል፣ በሠራዊት አይጓዝም፣ ከዓመት ዓመትም በመስኖ በቆሎ ላይ ይቆያል። ነባሩ ተምች ነጥቦቹ የሉትም፣ በገላጣ ቅጠል ላይ በፀሐይ ይበላል፣ መጥቶ ይሄዳል። መጤው ላይ የሚረጨው መድኃኒት እምብርቱ ውስጥ መግባት አለበት፤ ነባሩ ላይ የሚረጨው ግን ቅጠሉን ከዳር እስከ ዳር ማዳረስ አለበት፣ ያውም ትሉ ከጥፍር በማይበልጥበት ሳምንት። ግጦሽ የሚያጠፋውም ነባሩ ነው፤ ቦረና ውስጥ በመጋቢት ሣሩ ላይ ጥቁር ትል ከታየ መጤው ነው ብሎ በቆሎ ማሳ ብቻ መመልከት ጊዜ ያባክናል።